ተከራይ የሰፈር ሰው ነው ወይስ አይደለም? የሰፈራችን የ2011 ሥራ፣ ደብረ ማርቆስ

የመንቆረር ልጅ
ጳጉሜ 1 ቀን 2011፣ ከምሽቱ 2፡10

እንደምን አመሻችሁ ሰፈርተኞች።

ከሉቃስ ወደ ዮሐንስ ልንሻገር ቀናት ቀሩን። እሑድ መስከረም 4 ከቅዳሴ መልስ በዕድሩ ድንኳን ስብሰባ አለን። የልማት ኮሚቴው በዓመቱ የሠራውን ያቀርባል። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ሪፖርቱንም የምጽፈው እኔ ነኝ። ግን ሪፖርት ላይ የማይጻፍ ብዙ ነገር አለ። እሱን እዚህ ላውራው። አንድ ጥያቄም አለኝ፤ መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ ሩቅ ላላችሁ። ሰፈራችን ከዩኒቨርሲቲው በታች ያለው ተዳፋት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1997 ተመሥርቶ በ1999 ማስተማር ሲጀምር እዚህ የነበረው በአብዛኛው የገብስ ማሳና ባሕር ዛፍ ነው። አሁን በየቤቱ አጥር ውስጥ ሦስትና አራት የሚከራይ ክፍል አለ። የማታ ተማሪ አለ። ማስተርስ የሚማር አለ። ወጣት መምህራን አሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከየገጠሩ ትምህርት ቤት የሚመጡት የክረምት ተማሪዎች ይሞሉታል። ዶርም ከሚያድሩትም ነን ካፌ የሆኑት፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲው ካፌ የማይመገቡት፣ ምሳና እራታቸውን የሚበሉት እኛ ጋር ነው።

አሁን ወደ ቦዩ ልሂድ።

አምና ክረምት ከወፍጮ ቤቱ በታች ያሉት ሦስት ቤቶች ውሃ እንደገባባቸው ታስታውሳላችሁ። የአንደኛው ቤት ጤፍ ከነማዳበሪያው ራሰ። በየዓመቱ እንደዚያው ነበር። በየዓመቱም የምናሳብበው በቆሻሻው ነው። ሰኔ ሲገባ ወጥተን ቦዩን እንጠርጋለን። ሐምሌ ላይ ውሃው ተመልሶ ቤት ይገባል።

ጥቅምት ላይ አንድ ግንበኛ ጎረቤታችን "እስቲ ልኩን እንየው" አለ። ሃያ ሜትር የሚሆን፣ ውስጡ የሚታይ ነጭ ጎማ አመጣና ውሃ ሞላበት። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይቆማል። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይረጋል። ከዚያ ነጥብ እስከ ቦዩ ወለል ያለውን በሜትር መለካት ነው። አንዱን ጫፍ የያዘው እዚሁ ተከራይቶ የሚኖር የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነበር። ከላይ እስከ ታች እየተቀባበሉ ወረዱ። ተማሪው ቁጥሩን በደብተሩ ያዘ። ደምሮ ሲጨርስ ዝም አለ። እንደገና ለኩ። የቦዩ መሃል ከመውጫው በ14 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

ውሃ ሽቅብ አይሄድ ነገር። መሃሉ ላይ ይተኛል። ሲሞላ በጎን ይወጣል። በጎን ያሉት ደግሞ እነዚያ ሦስት ቤቶች ናቸው። ቆሻሻውም እዚያ የሚከማቸው ውሃው ስለሚቆም ነው። እኛ ግን ለዓመታት "አንተ ጣልክ፣ አንቺ ደፋሽ" ስንባባል ኖርን። ጎረቤት ከጎረቤት በዚህ የተኳረፈ አለ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ታኅሣሥና ጥር ላይ የመውጫውን 30 ሜትር አፍርሰን ዝቅ አድርገን ገነባነው። ድንጋዩን ሰፈሩ ገዛ። ሲሚንቶውን ማዘጋጃ ቤቱ ሰጠ። ጉልበቱ ደቦ ነው። ዘንድሮ ሐምሌም ነሐሴም አለፈ፤ ቤት የገባ ውሃ የለም።

መብራቱን ደግሞ እንዲህ አደረግን። የመንገድ መብራት እስኪተከል አንጠብቅም አልን። እያንዳንዱ ቤት ከአጥሩ በር በላይ አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል አውጥቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋት ያብራ ተባለ። "ቆጣሪ ይበላብናል" ያሉ ነበሩ። አስልተን አሳየናቸው። 9 ዋት በቀን 11 ሰዓት ቢበራ በወር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የእንጀራ ምጣድ እኮ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጋገርበት ከዚያ ይበልጣል። በዚህ ተስማማን። ዛሬ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ዩኒቨርሲቲው አጥር ድረስ 41 አምፖል ይበራል። ከላይብረሪ ማታ የሚመለሱ ሴቶች ልጆች መንገዳቸውን በዚህ አደረጉት።

ኮብልስቶኑ በግንቦት ተነጠፈ። ችግኙም ተተክሏል።

አሁን ጥያቄዬ። ቦዩ ሲቆፈር ስም የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ከወጣው ሰው ከግማሽ በላዩ ተከራይ ነው። ኮሚቴው ግን ዘጠኝ ሰው ነው፤ ዘጠኙም ባለ ቤት ነው። እኔ ለመስከረም 4 ይዤ የምቀርበው ሐሳብ ሁለት ወንበር ለተከራይ ይሰጥ የሚል ነው። ድምፅም ይኑራቸው። ምን ትላላችሁ?


ባለ ሦስት እግር
ጳጉሜ 1፣ ከምሽቱ 2፡42

ስለ መብራቱ እኔ ልመስክር። ማታ ባጃጅ እነዳለሁ። አምና በዚያ ቅያስ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አልገባም ነበር። ሰው ብጭን እንኳ ዋናው አስፋልት ላይ አውርጄ "ከዚህ በእግርሽ ግቢ" ነበር የምለው። በጨለማ ቦዩ ውስጥ የገባ ባጃጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘንድሮ እስከ በራቸው አደርሳለሁ፤ ሒሳቡም ያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ከመታጠፊያው አጠገብ ያለው ቤት አምፖሉ ከተቃጠለ ሦስት ሳምንት ሆነው። ቤቱን ቆልፈው ወደ ገጠር ሄደዋል መሰለኝ። አምፖሉን እኔ እገዛለሁ፤ የሚሰቅል ሰው ይፈለግ።


ነባር ነዋሪ
ጳጉሜ 1፣ ከምሽቱ 3፡05

የመንቆረር ልጅ፣ ሥራችሁን አደንቃለሁ። አንተም ለዚህ ሰፈር ሌት ተቀን እንደምትለፋ አውቃለሁ። በሐሳቡ ግን አልስማማም። ምክንያቴን ልንገርህ።

ተከራይ ዛሬ አለ፤ ነገ የለም። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ ከየቤቱ 2,500 ብር ያዋጣነው ባለ ቤቶች ነን። በየወሩ የዕድር የምንከፍለው እኛ ነን። ነገ ቦዩ ቢፈርስ የሚጠየቀው እኛ ነን። ሰኔ ላይ ተመርቆ የሚሄድ ልጅ የሚቀጥለውን ዓመት መዋጮ በድምፁ ቢወስን ለእሱ ምኑም አይደለም። የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ልጆቹን ጠልቼ አይደለም። አራት ተከራይ አለኝ፤ እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው። ግን ልጅም ቢሆን የቤቱን ወጪ አይወስንም።


እናት ጓዳ
ጳጉሜ 1፣ ከምሽቱ 3፡50

የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ እኔ እነግራታለሁ።

እኔ ቤት ምሳ የሚበሉ 18 ተማሪዎች አሉ። ሁለት ክፍልም አከራያለሁ። ይህን የምናገረው ልጁን አስፈቅጄ ነው።

መጋቢት ላይ ከተከራዮቼ የአንዱ አጎት ስልክ ደወለልኝ። "እናቱ አርፋለች። ቀብሩም አልፏል። ፈተናውን እስኪጨርስ ይዘነው ነው። አሁን ግን ከሰው አፍ ለብቻው እንዳይሰማ ፈራን" አለኝ። የልጁ አገር ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ ነው። እዚህ አንድም ዘመድ የለው። ስልኩን ዘግቼ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ማታ እራት ሰጠሁት። እየሳቀ በላ። እኔ ፊቱን ማየት አቃተኝ።

ለዕድሩ ዳኛ ሄጄ ነገርኳቸው። መርዶ ሲነጋ ነው የሚነገረው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ስድስት ሰው ሆነን በሩ ላይ ቆምን። እኔ ጋቢ ይዣለሁ። ሲከፍት ከፊት ያየው እኔን ነው። "እማዬ ምነው? አመመዎት እንዴ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም።

ተከራይ ዕድርተኛ ስላልሆነ ደንቡ ድንኳን አይፈቅድለትም። ዳኛው "በደንቡ እኔ እጠየቅበታለሁ፤ ድንኳኑን አውጡ" አሉ። ጡሩንባ ተነፋ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ንፍሮ የቀቀለ አለ፤ እንጀራ የላከ አለ። ጓደኞቹ ከዩኒቨርሲቲው በቡድን በቡድን መጡ። ከየአቅጣጫው የመጡ ልጆች ናቸው። ማንም የየት አገር ልጅ ነህ ብሎ የጠየቀ የለም። በአራተኛው ቀን ሁለት ሰው አውቶቡስ ድረስ ሸኘው።

ሚያዝያ ላይ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ሥራ አለ ሲባል መጀመሪያ አካፋ ይዞ የሚቆመው እሱ ነው።

ነባር ነዋሪ፣ አንቱን አከብራለሁ። በዚያ ሦስት ቀን አንቱም ከድንኳኑ አልጠፉም፤ አይቻለሁ። ታዲያ ለለቅሶው የሰፈሩ ሰው ከሆነ ለስብሰባው እንዴት እንግዳ ይሆናል?


ሀገሬ ሩቅ
ጳጉሜ 1፣ ከምሽቱ 4፡20

እማማ የነገሩን ልጅ እኔ አይደለሁም። ግን ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። ሁለተኛ ዓመት ማስተርስ ነኝ። ከወላይታ ነው የመጣሁት። እዚህ ስመጣ ከመምህሮቼና ከክፍል ጓደኞቼ በስተቀር የማውቀው ሰው አልነበረም። ከዚያ ለቅሶ በኋላ በዚህ ሰፈር ሳልፍ ሰላም ሳልባል አልፌ አላውቅም።

ስለዚህ የምለውን በቅሬታ እንዳትወስዱብኝ። ግን መነገር አለበት።

ኮብልስቶኑ በግንቦት ተነጠፈ። ሁለት ቅዳሜ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፤ በደስታ ነው። በሰኔ የክፍሌ ኪራይ ከ800 ብር ወደ 1,100 ብር ገባ። አከራዬን ስጠይቃቸው "መንገዱ ተሠርቷል፤ መብራቱ በርቷል፤ ሰፈሩ ተለውጧል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ተለውጧል። ግን ከለወጡት አንዱ እኔ ነኝ።

ሒሳቡን ልሥራው። የባለ ቤት መዋጮ 2,500 ብር ነበር። ሦስት ክፍል የሚያከራይ ሰው በክፍል 300 ብር ሲጨምር በወር 900 ብር ነው። በሦስት ወር 2,700 ብር ሆነ። መዋጮው በነሐሴ ተመልሷል ማለት ነው። ከመስከረም በኋላ የምከፍለው ጭማሪ ለምንድን ነው?

ነባር ነዋሪ "የሚከፍለው ባለ ቤቱ ነው" ብለዋል። ለዚህ ነው ይህን የጻፍኩት። እኛም እየከፈልን ነው። በእጃችን ስላልሰጠን ስማችን አይመዘገብም እንጂ።


ጨሞጋ
ጳጉሜ 1፣ ከምሽቱ 4፡31

ይህ ሒሳብ መስከረም 4 ድንኳኑ ውስጥ ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት። እኔም አከራይ ነኝ። 200 ጨምሬያለሁ። ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር እንነጋገርበታለን።


ድንጋይ አንጣፊ
ጳጉሜ 2፣ ከጠዋቱ 1፡15

ኮብልስቶኑን ካነጠፍነው ልጆች አንዱ ነኝ። ስለ ወንበሩ እናንተ ተነጋገሩ። እኔ ስለ መንገዱ ልናገር፤ ካልተጠበቀ ሁለት ዓመት አይቆይምና።

ኮብል 10 በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የሚጠረብ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሥሩ ሲሚንቶ የለም። የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ነው፤ ከዚያ ላይ አሸዋ ነው። ድንጋዩን የያዘው ጎረቤቱ ያለው ድንጋይ ነው። እርስ በርሱ ተደጋግፎ ነው የሚቆመው። ለዚህ ነው ጠርዙ ላይ ረጃጅሙን ድንጋይ በሲሚንቶ የምንቀብረው። ጠርዙ ከተነቀለ መሃሉ ይከፈታል።

መሃሉን ከፍ አድርገን ወደ ሁለቱ ጎን በሜትር 2 ወይም 3 ሳንቲ እንዲያዘነብል እናደርገዋለን። ውሃው ወደ ቦዩ እንዲሄድ ነው። ቦይ በሌለበት ኮብል ማንጠፍ ገንዘብ መድፋት ነው። ውሃው ሥሩ ይገባል፤ አሸዋውን ጠርጎ ይወስዳል፤ ድንጋዩ ይሰምጣል። ኮሚቴው ቦዩን በጥር፣ ኮብሉን በግንቦት ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራው ተገላቢጦሽ ነው።

አሁን አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር። ከወፍጮ ቤቱ ሁለት ቤት ከፍ ብሎ አንድ ሰው የውሃ ቧንቧ ለማስገባት ነሐሴ ላይ ኮብሉን ነቅሏል። ጉድጓዱን በአፈር ብቻ ሞልቶ ድንጋዩን መልሶ ደርድሮታል። አፈሩም ዋልካ ነው። ክረምት ይነፋል፤ በጋ ይሰነጠቃል። ሄዳችሁ እዩት፤ አሁኑኑ ጎድጉዷል።

ቧንቧ ማስገባት የግድ ነው፤ ይገባኛል። ስትነቅሉ ግን ድንጋዩን በጎን ቆልሉት። ጉድጓዱን በገረጋንቲ ሙሉት፤ በየ20 ሳንቲው ውሃ እያጠጣችሁ ጠቅጥቁት። ከዚያ እኛን ጥሩን። ለሁለት ካሬ የምንጠይቀው የሻይ ብቻ ነው።


ሸገር ያለሁ
ጳጉሜ 2፣ ከጠዋቱ 3፡40

እዚያው ሰፈር ነው ያደግኩት። አሁን አዲስ አበባ ነኝ። 300 ኪሎ ሜትር ርቄ ሌሊቱን ስታወሩ የነበረውን ጠዋት ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ወፍጮ ቤቱ እስካሁን አለ ማለት ነው! እናቴ የምታስፈጨው እዚያ ነበር።

ችግኙን በአንድ ቃል አለፍከው። ምን ተተከለ? ስንቱ ጸደቀ?


የመንቆረር ልጅ
ጳጉሜ 2፣ ከጠዋቱ 4፡25

ሐምሌ 22 ነው የተተከለው። በመላው አገሪቱ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ የተነገረበት ቀን ማለት ነው። የእኛ ድርሻ 60 ነበር። ዋንዛ፣ ወይራና ግራቪሊያ። ባሕር ዛፍ የጠየቁ ነበሩ፤ ቦይ ዳር ስለሆነ እምቢ አልን። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ግንቡን ይሰነጥቀዋል።

ትናንት ቆጠርኳቸው። 47 አሉ። አሥራ ሦስቱን ከብትና ፍየል ነው የጨረሳቸው። የተረፉት የቀርከሃ አጥር የተሠራላቸው ናቸው። አጥር ያልተሠራለት አንድም አልተረፈም። ከዚህ በላይ የሚያስተምር ነገር የለም።

ግን አሁን ዝናብ ስላለ ነው ያማረብን። ዋናው ፈተና ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። እያንዳንዱን ችግኝ ለአንድ በር ሰጥተናል። ከ47ቱ 20ዎቹ የተሰጡት ተከራይ ላለበት በር ነው። የክረምት ተማሪዎቹ ወደየአገራቸው ሄደዋል። አንዷ መምህርት ስትሄድ ከምታጠጣው ዋንዛ አጠገብ ጀሪካኗን ትታ ሄደች። በማርከር "በየሦስት ቀኑ አንድ ጀሪካን" ብላ ጽፋበታለች። ጀሪካኑ እስካሁን እዚያው ነው። ማንም አልነካውም።


የድሮ መምህር
ጳጉሜ 2፣ ከቀኑ 8፡00

ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ልጆቼ ስልኬ ላይ ይህን ገጽ ከፍተውልኝ ሁሉንም አነበብኩ። ነባር ነዋሪ ወዳጄ ያነሱት ነገር ቀላል አይደለም። ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ሊሰጋ ይገባዋል። ቢሆንም ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ።

ይቺ ከተማ ራሷ የእንግዳ ሥራ ናት። ድሮ ስሟ መንቆረር ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫቸው ሲያደርጓት ወታደሩም፣ ባለ እጁም፣ ነጋዴውም፣ ካህኑም ከየአቅጣጫው መጣ። የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል ነው ደብረ ማርቆስ የተባለችው። ዛሬ "ነባር ነን" የምንለው ብዙዎቻችን ያኔ ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው የልጅ ልጅ ነን።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብደኛል። ጎጃም እኮ የተማሪ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ቅኔ ለመማር ከስንት አገር ነው ተማሪ የሚመጣው! የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ በየደጁ ሲቆም ከየት መጣህ ብሎ የመለሰው አልነበረም። እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ እንጀራ ስትጋግር ከምጣዱ የሚወጣው የመጀመሪያው የተማሪ ድርሻ ነበር። ለብቻው ሰፌድ ላይ ይቀመጣል። እኛ ልጆቿ ብንራብ እንኳ ያን አንነካም። ተማሪው አንድ ዓመት ተምሮ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል። ይሄዳል ተብሎ ግን የተከለከለው የለም። በቆየበት ጊዜ ሰፈሩ ሲታመም ያነብብለታል፤ ሲሞት ፍትሐት ይቆማል።

መሄዱ አይደለም ሰውን እንግዳ የሚያደርገው። እዚህ እያለ ምን አደረገ የሚለው ነው መታየት ያለበት።

ለመፍትሔው ይህን አስቡ። ስድስት ወር የተቀመጠና አንድ ደቦ የወጣ ተከራይ ይመረጥ። በመዋጮ መጠን ላይ ድምፅ ባይኖረው፣ በሥራው ዓይነትና በቅደም ተከተሉ ላይ ይኑረው።


ሲቪል አራተኛ
ጳጉሜ 2፣ ከቀኑ 9፡30

ጎማውን የያዝኩት እኔ ነኝ። የመንቆረር ልጅ ሳያጋንን ነው የተናገረው፤ ግን አንድ ነገር ይስተካከል። ቦዩ መለካት አለበት ያለው ግንበኛው ነው። እኔ ክፍል ውስጥ በመሣሪያ መለካት ተምሬያለሁ። በጎማና በውሃ 14 ሳንቲ ማግኘት የተማርኩት ከእሱ ነው። ያን ቀን ያየሁትን ለክፍል ጓደኞቼ ነግሬያለሁ።

ጋሼ ያሉት ሐሳብ ለእኛ በቂ ነው። የመዋጮ ድምፅ አልጠየቅንም። የምንፈልገው ሥራ ሲታቀድ እንዲነገረን ነው። ለምሳሌ ጥር ላይ ቦዩ ሲቆፈር የፈተና ሳምንት ነበር። አንድ ሰው ጠይቆን ቢሆን አንድ ሳምንት ይገፋ ነበር፤ እጥፍ ሰው እናመጣ ነበር። ያን ጊዜ ሌሊት አጥንቼ ቀን አካፋ ይዣለሁ።


የመንቆረር ልጅ
ጳጉሜ 2፣ ከቀኑ 9፡48

ይህን አላወቅኩም ነበር። ጸሐፊው እኔ ሆኜ የፈተናውን ቀን አለመጠየቄ ጥፋቴ ነው። ይቅርታ ወንድሜ።


ነባር ነዋሪ
ጳጉሜ 2፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁሉንም አነበብኩ። እናት ጓዳ ያሉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩ።

የጋሼን ሐሳብ እቀበላለሁ። ስድስት ወር የተቀመጠ፣ ሥራ የወጣ፣ በመዋጮ ላይ ድምፅ የሌለው። ሁለት ወንበር ግን አልልም፤ በአንድ እንጀምርና እንየው።

ስለ ኪራዩ። ሀገሬ ሩቅ፣ የእኔ ተከራይ አይደለህም መሰለኝ፤ ግን እኔም ያው ነው ያደረግኩት። ሒሳብህን በወረቀት ሠራሁት። ትክክል ነው። ሁሉም ነገር ተወዷል፤ ኪራይ ፈጽሞ አይጨመርም ልልህ አልችልም። የጨመርኩት በኮብሉ ስም ስለነበር ግን ከመስከረም ጀምሮ ግማሹን አነሣለሁ። ሌሎች አከራዮች ምን እንደሚያደርጉ እነሱ ያውቃሉ። በስብሰባው ላይ ግን እናገረዋለሁ።


ሀገሬ ሩቅ
ጳጉሜ 2፣ ከምሽቱ 1፡55

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። መስከረም 4 እመጣለሁ። ባለ ሦስት እግር፣ ነገ ከሰዓት ቤት ነኝ። አምፖሉን አምጣው፤ መሰላል ከእማማ እዋሳለሁ።


እናት ጓዳ
ጳጉሜ 3፣ ከቀኑ 10፡40

እንኳን ለቅዱስ ሩፋኤል አደረሳችሁ። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ዶፍ እየጣለ ነው። ልጆቹ ሁሉ ልብሳቸውን አውልቀው ዝናቡ ውስጥ ናቸው። እኔም በረንዳ ላይ ባልዲና ገበቴ ደርድሬ ጠበሉን እያጠራቀምኩ ነው።

ቦዩ ግን መታጠፊያው ላይ እየሞላ ነው። ከበሬ ላይ ሆኜ ይታየኛል። ማን አለ?


ሲቪል አራተኛ
ጳጉሜ 3፣ ከቀኑ 10፡44

እየወጣሁ ነው።


ባለ ሦስት እግር
ጳጉሜ 3፣ ከቀኑ 11፡30

ደርሰናል። አምስት ሆነን ነው የወጣነው፤ ነባር ነዋሪም ካፖርታቸውን ደርበው መጥተዋል። የደፈነው ፌስታልና የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። የእሸት ጊዜ ስለሆነ ከአስፋልቱ ዳር እየተጠበሰ የሚበላው ሁሉ ቆረቆንዳው ታጥቦ የሚወርደው እዚህ ነው። ሲቪሉ ልጅ እስከ ጉልበቱ ገብቶ በእጁ አወጣው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሆነ።

ሲከፈት ውሃው በአንዴ ወረደ። ከቦዩ አፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ነበር የደረስነው። ሦስቱም ቤት ደረቅ ነው። ገብተን አየን።

አምፖሉም ተሰቅሏል።


ድንጋይ አንጣፊ
ጳጉሜ 3፣ ከምሽቱ 12፡20

ለበቆሎ ጠባሾቹ አንድ አንድ ማዳበሪያ እንስጣቸው፤ ቆረቆንዳውን እዚያ ያጠራቅሙት። ሲደርቅ ለማገዶ ይሆናል፤ የሚወስደው አይጠፋም። ነገ ጠዋት እኔ አናግራቸዋለሁ።

ያ ቧንቧ የገባበት ቦታ ዛሬ አንድ ጭብጥ ያህል ሰምጧል። ዝናቡ ሲያባራ እንነቅለዋለን።


ሲቪል አራተኛ
ጳጉሜ 3፣ ከምሽቱ 1፡05

ልብሴን ቀየርኩ፤ እማማ ሻይ ሰጥተውኛል።

ዛሬ አንድ ነገር አየሁ። ከመታጠፊያው በላይ ያለው ቅያስ ውሃው ወደ ቦዩ ሳይሆን ወደ ኮብሉ መሃል ነው የሚሄደው። በጥቅምት የለካነው ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለውን ብቻ ነው። የላይኛውን ማንም አልለካውም። ጎማው ግንበኛው ጋር ነው። እሑድ ከስብሰባው በፊት፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንዱን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።


ነባር ነዋሪ
ጳጉሜ 3፣ ከምሽቱ 1፡12

እኔ እይዝልሃለሁ።